“ለት” እና “በት”፦ የእንግሊዝኛው አንጻራዊ ሐረግ በአማርኛ ትርጉም ውስጥ

ስለ ትርጉም ሥራ በሚቀርብ ሒስ ውስጥ ብዙውን ጊዜ የሚመዘነው ቃል ነው። ተርጓሚው ለዚህ የእንግሊዝኛ ቃል ይህን የአማርኛ ቃል መስጠቱ ትክክል ነው ወይስ አይደለም የሚለው ጥያቄ ሰፊውን ቦታ ይይዛል። መዝገበ ቃላት ይገለጣል፣ ክርክር ይነሣል፣ አንዱ ቃል ተጥሎ ሌላው ይመረጣል። ይሁን እንጂ አንድ ትርጉም ለአንባቢው ባዕድ ሆኖ እንዲሰማው የሚያደርገው ከቃላቱ ይልቅ የቃላቱ አሰላለፍ የሆነበት ጊዜ ይበዛል። እያንዳንዱ ቃል አማርኛ ሆኖ ሳለ ዐረፍተ ነገሩ አማርኛ ሳይሆን ይቀራል። ከዚህ የአሰላለፍ ችግር ውስጥ ዋነኛው የሚታየው፣ በውስጡ ግሥ ይዞ ስምን የሚገልጸው አንጻራዊ ሐረግ ከመስተዋድድ ጋር በሚገናኝበት ስፍራ ላይ ነው። ነገሩ የሰዋስው ሊቃውንት ብቻ የሚጨነቁበት ይምሰል እንጂ፣ በመማሪያ ክፍል፣ በመድረክና በፍርድ አደባባይ የሚያስከትለው ውጤት ቀላል አይደለም።

ጉዳዩን በቅርብ ለመመርመር ተጂን የመሰለ ምቹ ቦታ የለም። ተጂ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ሰበታን አልፎ ወደ ወሊሶና ወደ ጅማ በሚዘልቀው መንገድ ላይ የምትገኝ፣ በደቡብ ምዕራብ ሸዋ የኢሉ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ዙሪያዋ ጤፍ፣ ሽምብራና ጓያ የሚበቅልበት፣ በክረምት ውኃ የሚተኛበት የበቾ ሜዳ ጥቁር አፈር ነው። የገበሬው የቤትና የገበያ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው። አማርኛ በመንገዱ ከሚመላለሰው መንገደኛና ነጋዴ ጋር ይገናኝበታል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ ከወሰነ ወዲህ፣ የአካባቢው ልጅ በአፋን ኦሮሞ እየተማረ አማርኛንና እንግሊዝኛን እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት ይቀበላል። ሁለተኛ ደረጃ ሲደርስ ደግሞ የማስተማሪያው ቋንቋ እንግሊዝኛ ይሆናል። ስለዚህ አንድ የተጂ ተማሪ “የሚኖርበት ቤት” የሚለውን አንድ ሐሳብ በሦስት ቋንቋ፣ በሦስት ልዩ ልዩ አሰላለፍ ማሰብ ይጠበቅበታል።

በቅድሚያ እንግሊዝኛው ይታይ። እንግሊዝኛ ስሙን ያስቀድምና ገላጩን ሐረግ ከኋላው ያስከትላል። ሐረጉ መስተዋድድ የሚፈልግ ሲሆን ደግሞ ሁለት መንገድ አለው። “ዘ ሃውስ ኢን ዊች ሂ ሊቭስ” ሲል መስተዋድዱ ከተውላጠ ስሙ ፊት ተሰልፎ በሐረጉ መግቢያ ላይ ይቆማል። “ዘ ሃውስ ሂ ሊቭስ ኢን” ሲል ግን ተውላጠ ስሙ ይቀርና መስተዋድዱ ብቻውን በሐረጉ ጫፍ ላይ ይንጠለጠላል። የመጀመሪያው የመጽሐፍና የአዋጅ፣ ሁለተኛው የቤትና የመንገድ ንግግር ነው።

በእነዚህ ሁለት መንገዶች መካከል የተነሣው ክርክር ከ300 ዓመታት በላይ ዕድሜ አለው። ባለቅኔውና ጸሐፌ ተውኔቱ ጆን ድራይደን በ1672 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍ የቀደመውን ጸሐፌ ተውኔት ቤን ጆንሰንን በዚህ በተንጠለጠለ መስተዋድድ ነቀፈው። ኋላም ስለ ተውኔት የጻፈውን የራሱን ድርሰት እንደገና ሲያሳትም በጫፍ የቀሩትን መስተዋድዶች እየለቀመ ወደ ፊት መለሳቸው። በ1762 እ.ኤ.አ. የታተመው የሮበርት ላውዝ ሰዋስው ነገሩን ለዘብ አድርጎ፣ የመንጠልጠሉ ልማድ በተራ ንግግር የተለመደ መሆኑን አምኖ፣ ለከበረ ጽሑፍ ግን ማስቀደሙ የተሻለ ግርማ እንዳለው አስተማረ። ከእርሱ በኋላ የመጡ መምህራን ይህን ምክር ወደ ክልከላ ለወጡት። ፋውለር በ1926 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የእንግሊዝኛ አጠቃቀም መጽሐፉ ደግሞ ክልከላውን ከንቱ እምነት ሲል አጣጣለው። ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። የቋንቋው ባለቤቶች እንኳ ያልተስማሙበትን የአጻጻፍ ምርጫ እንደማይነካ ሕግ ተቀብሎ በአማርኛ ላይ መጫን ተገቢ አይደለም።

አማርኛ ይህንኑ ሐሳብ በሌላ ብልሃት ይፈታዋል። ገላጩ ሐረግ ይቀድማል፣ ስሙ ይከተላል። መስተዋድዱም ለብቻው ቃል ሆኖ ከመቆም ይልቅ ከግሡ ጫፍ ላይ ይጣበቅና “የሚኖርበት ቤት” ይባላል። እንግሊዝኛ በሁለት ቃል የሚለውን “ኢን ዊች” አማርኛ በ“በት” ይጨርሰዋል።

የዚህ “በት” ሥራ ሰፊ ነው። “የመጣበት ቀን” ሲባል ጊዜን፣ “የመጣበት መኪና” ሲባል መሣሪያን፣ “የመጣበት ምክንያት” ሲባል ሰበብን፣ “የመጣበት አገር” ሲባል መነሻን፣ “የሚሄድበት አገር” ሲባል ደግሞ መድረሻን ያመለክታል። እንግሊዝኛ በእነዚህ ሁሉ ቦታዎች መስተዋድዱን እየለዋወጠ “ኦን”፣ “ባይ”፣ “ፎር”፣ “ፍሮም”፣ “ቱ” ይላል። አማርኛ ግን ልዩነቱን ለግሡና ለስሙ ትቶ በአንድ “በት” ይገለገላል። “መጣ” የሚለው ግሥ “አገር” ከሚለው ስም ጋር ሲገናኝ መነሻነቱን፣ “ሄደ” ሲገናኝ መድረሻነቱን ሰሚው ሳይነገረው ያውቃል። ይህ አንድ ማስረጃ ብቻ ቢታይ አማርኛው ከእንግሊዝኛው የሚያንስ ሊመስል ይችላል። በርካታ ተርጓሚዎችም በዚህ ተታልለው “ከእርሱም ውስጥ የመጣበት”፣ “በእርሱም አማካይነት የሄደበት” የሚሉ ድጋፎችን ሲደርቱ ይታያል።

ነገር ግን ሚዛኑ ሌላ ጎን አለው። “በት” የ“ለት” ባላጋራ ነው። “የጻፈለት ሰው” እና “የጻፈበት ሰው” ወዳጅና ጠላት ናቸው። የመጀመሪያው የተጠቀመ፣ ሁለተኛው የተጎዳ ነው። “የመሰከረለት”ና “የመሰከረበት”፣ “የተነገረለት”ና “የተወራበት” እንዲሁ ናቸው። በበቾ ሜዳ “ዝናብ የዘነበለት ማሳ” ማለት ዘሩ ተዘርቶ ሰማይ ሰማይ ሲታይ በወቅቱ ውኃ ያገኘ ማሳ ነው። “ዝናብ የዘነበበት ማሳ” ግን እህሉ ታጭዶ ገና ሳይከመር ያልተጠበቀ ዶፍ የወረደበት ሊሆን ይችላል። እንግሊዝኛው በሁለቱም ቦታ ዝናቡ ማሳው ላይ መዝነቡን ብቻ ይናገራል፤ የገበሬውን ደስታና ሐዘን ለመለየት ሌላ ዐረፍተ ነገር ይጨምራል። አማርኛ ይህን የሚለየው በአንድ ፊደል ነው። ከእንግሊዝኛ የሚተረጉም ሰው ወደዚህ ቦታ ሲደርስ፣ ዋናው ጽሑፍ ያልጠየቀውን ጥያቄ አማርኛው ይጠይቀዋል፦ ነገሩ የሆነው ለማን ነው? በማንስ ላይ ነው? ይህን ጥያቄ ሳይመልስ የሚያልፍ ተርጓሚ አንዱን ፊደል መምረጡ አይቀርም፤ ምርጫውም ከተሳሳተ የታሪኩ ስሜት ይገለበጣል።

“በት” ራሱም ቢሆን ጥንቃቄ ይሻል። “ላሙ የጠፋችበት መስክ” ሲባል ስፍራን ያመለክታል። “ላሙ የጠፋችበት ገበሬ” ሲባል ግን የላሙን ባለቤትና የደረሰበትን ጉዳት ይገልጻል። እንግሊዝኛ በመጀመሪያው “ኢን ዊች”፣ በሁለተኛው “ሁዝ” የሚል ልዩ ቃል አለው። ስለዚህ “ሁዝ”ን ሲያይ ሁልጊዜ “የእርሱ የሆነች ላም የጠፋች ገበሬ” እያለ የሚተረጉም ሰው፣ አማርኛ አዘጋጅቶ ያስቀመጠለትን ቤት ትቶ ሜዳ ላይ ጎጆ ይቀልሳል።

አንጻራዊ ሐረግ ከመስተዋድድ ጋር በሌላም መንገድ ይገናኛል። በእንግሊዝኛ በመስተዋድድ የተያያዙ ሁለት ስሞችን አንድ አንጻራዊ ሐረግ ሲከተላቸው፣ የሚገልጸው የትኛውን ስም እንደሆነ መለየት ያስቸግራል። “ከተጂ የመጣ” የሚለው ገላጭ “ዘ ሰን ኦቭ ዘ ቲቸር” ከሚለው በኋላ ሲቆም፣ ከተጂ የመጣው መምህሩ ነው ወይስ ልጁ? ኩዌቶስና ሚቸል የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በ1988 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት የእንግሊዝኛ አንባቢዎች ወደ ቅርቡ ስም፣ የስፓኝ ቋንቋ አንባቢዎች ደግሞ ወደ ሩቁ ስም እንደሚያዘነብሉ አሳይተዋል። በአማርኛ ግን “ከተጂ የመጣው መምህር ልጅ” ሲባል የመጣው መምህሩ ነው። “ከተጂ የመጣው የመምህሩ ልጅ” ሲባል የመጣው ልጁ ነው። ልዩነቱን የሚሸከመው አንድ “የ” የሚቆምበት ቦታ ነው። ልጁ ሴት ከሆነች ደግሞ “የመጣችው” የሚለው ግሥ ራሱ ይለየዋል። እንግዲህ የእንግሊዝኛው ዐረፍተ ነገር ሁለት ትርጉም ይዞ ሲመጣ ተርጓሚው ከሁለቱ አንዱን እንዲመርጥ አማርኛው ያስገድደዋል። የሚመርጠውም ሰዋስውን ብቻ አይቶ ሳይሆን ታሪኩን አንብቦና ገጸ ባሕርያቱን ዐውቆ መሆን አለበት። ጸሐፊው አሻሚነቱን ሆን ብሎ የተወው እንደሆነ ደግሞ ሌላ ዘዴ መፈለግ ግዴታው ነው።

አማርኛ የራሱ ወጥመድ የለውም ማለት አይደለም። “ትናንት ከተጂ በመጣው አውቶቡስ ተሳፈረ” በሚለው ዐረፍተ ነገር ውስጥ “ትናንት” የአውቶቡሱ መምጫ ነው ወይስ የሰውየው መሳፈሪያ? ይህ አሻሚነት የሚመጣው “አውቶቡስ” የሚለውን ስም የሚገዛው “በ” ከስሙ ተለይቶ በገላጩ ግሥ ላይ ስለሚቆም፣ “የ”ም በእርሱ ተውጦ “በየመጣው” መባሉ ቀርቶ “በመጣው” ስለሚባል ነው። ሐረጉ የት እንደ ጀመረ የሚናገር ምልክት በመግቢያው ላይ የለም። መፍትሔው ግን ሩቅ አይደለም። “ከተጂ በመጣው አውቶቡስ ትናንት ተሳፈረ” ቢባል ጥርጣሬው ይወገዳል። ከእንግሊዝኛ በጥድፊያ የሚተረጎሙ ዜናዎችና መግለጫዎች እንዲህ ያለውን ቀላል ማስተካከያ ስለሚዘነጉ፣ አንባቢው ቀንንና ቦታን ከየትኛው ድርጊት ጋር እንደሚያዛምድ ግራ ይገባዋል።

ታሪካዊው መንገድ ሲመረመር ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። ግእዝ እንደ እንግሊዝኛው ስሙን አስቀድሞ “ብእሲ ዘመጽአ” ይላል፤ መስተዋድድም ሲያስፈልግ “ሀገር እንተ ተወልደ ባቲ” እያለ ከተውላጠ ስም ጋር በጫፍ ያሳርፋል። አማርኛ የግእዝ ቤተ ዘመድ ሆኖ ሳለ “የመጣው ሰው”፣ “የተወለደበት አገር” ብሎ ዞሯል። ብዙ የቋንቋ ሊቃውንት ይህን መዞር ከአገው ቋንቋዎች ጋር ከነበረው ረጅም ጉርብትና ጋር ያያይዙታል። የሚደንቀው ግን እንደ አገው ሁሉ የኩሽ ቤተሰብ የሆነው አፋን ኦሮሞ ስሙን ማስቀደሙ ነው። “ትናንት የመጣው ሰው” ለማለት “ነምኒ ከሌሰ ዹፌ” ይላል፤ “ሰው - ትናንት - የመጣ” እንደ ማለት ነው። መስተዋድድ ሲያስፈልግ ደግሞ “እርሱ የሚኖርበት ቤት” ለማለት “መነ ኢኒ ኬሳ ጂራቱ”፣ “ከሥሩ የሚቀመጥበት ዛፍ” ለማለት “ሙከ ኢኒ ጀለ ታኡ”፣ “የመጣበት ከተማ” ለማለት “መጋላ ኢኒ ኢራ ዹፌ” ይላል። ኦኔሲሞስ ነሲብ ከአስቴር ጋኖ ጋር ደክሞ በ1899 እ.ኤ.አ. ያሳተመው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ፣ ኋላም በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ መጻሕፍት በግእዝ ፊደል ይጻፉ እንደ ነበር የሚያስታውስ አንባቢ፣ ምሳሌዎቹ በዚህ ፊደል መቅረባቸው እንግዳ አይሆንበትም።

በእነዚህ ምሳሌዎች ውስጥ “ኬሳ” ማለት ውስጥ፣ “ጀለ” ማለት ሥር፣ “ኢራ” ማለት ከ ማለት ነው። ሦስቱም ተውላጠ ስም ሳይከተላቸው፣ ከራሳቸው ስም ተለይተው በሐረጉ ውስጥ ብቻቸውን ቀርተዋል። ይህ ሁኔታ “ዘ ሃውስ ሂ ሊቭስ ኢን” ከሚለው የእንግሊዝኛ አነጋገር ጋር ያለው ዝምድና ከአማርኛው ይልቅ እጅግ የቀረበ ነው። ስሙ ይቀድማል፣ ባለቤቱ ይከተላል፣ መስተዋድዱ ያለ ስም ይቀራል። ልዩነቱ አፋን ኦሮሞ ግሡን በመጨረሻ ማሳረፉ ብቻ ነው።

ስለዚህ በተጂና በመሰሎቿ ከተሞች እንግሊዝኛ የሚያስተምር መምህር በእጁ ያለውን ሀብት ሊያውቀው ይገባል። በልማድ የተያዘው ዘዴ “ኢን ዊች”ን “በየትኛው” ብሎ መፍታት ነው። “በየትኛው” በአማርኛ የጥያቄ ቃል እንጂ የማያያዣ ቃል አይደለም። “ቤቱ በየትኛው እርሱ የሚኖርበት” የሚል ዐረፍተ ነገር በአማርኛ ምድር ተናግሮት የሚያውቅ የለም። ተማሪው በዚህ መንገድ ሁለት ጊዜ ይጎዳል። እንግሊዝኛውን በተሰበረ አማርኛ ይማራል፣ አማርኛውንም በተሰበረ እንግሊዝኛ ያበላሻል። ኪናንና ኮምሪ የተባሉ የቋንቋ ተመራማሪዎች በ1977 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ የዓለም ቋንቋዎች ባለቤትን የሚገልጽ አንጻራዊ ሐረግ ለመሥራት ከሁሉ ይልቅ እንደሚቀላቸው፣ ተሳቢው ቀጥሎ እንደሚመጣ፣ በመስተዋድድ የሚገዛው ስም ግን ከዚያ በታች እንደሚሰለፍ አመልክተዋል። “የመጣው ሰው” ቀላል፣ “ያየው ሰው” መካከለኛ፣ “የመጣበት ከተማ” ከባድ ነው ማለት ነው። በዚህ በከባዱ ደረጃ ላይ ተማሪው የአፍ መፍቻ ቋንቋውን እንደ መወጣጫ ቢጠቀምበት፣ “ሙከ ኢኒ ጀለ ታኡ” ከሚለው ተነሥቶ ወደ ንግግሩ እንግሊዝኛ፣ ከዚያም ወደ መጽሐፉ “አንደር ዊች” ቢሸጋገር፣ የአማርኛውን “የሚቀመጥበት” ደግሞ ለብቻው በአማርኛ ክፍለ ጊዜ በራሱ ሕግ ቢማረው፣ ሦስቱ ቋንቋዎች እርስ በርሳቸው መደናቀፋቸው ቀርቶ ይደጋገፋሉ።

ከመማሪያ ክፍል ወደ መድረክ ሲሻገሩ የአሰላለፉ ጉዳይ የጥበብ ጉዳይ ይሆናል። አንድ የእንግሊዝኛ ተዋናይ “ይህ ሰው ነው” ብሎ ጀምሮ፣ ሰውየው በሬውን መግዛቱን፣ በሬው ማሳውን ማረሱን፣ በመጨረሻም ማሳው ላይ ዝናብ መዝነቡን በሚከታተሉ አንጻራዊ ሐረጎች ሊናገር ይችላል። የአማርኛው ዐረፍተ ነገር “ዝናብ የዘነበበትን ማሳ ያረሰውን በሬ የገዛው ሰው ይህ ነው” ይሆናል። እንግሊዝኛው ከሰው ተነሥቶ ዝናብ ላይ ይደርሳል፣ አማርኛው ከዝናብ ተነሥቶ ሰው ላይ ይደርሳል። ሁለቱ ዐረፍተ ነገሮች አንድ ዓይነት መረጃ ቢይዙም አንድ ዓይነት ተውኔት አይደሉም። ተመልካች የሚያስታውሰውና የሚያጨበጭብለት የመጨረሻውን ቃል ነውና። የእንግሊዝኛው ጸሐፊ ምሥጢሩን በሐረጉ ጫፍ ላይ ሸሽጎት ከሆነ፣ በታማኝነት ስም ሐረግን በሐረግ የተረጎመ ሰው ምሥጢሩን በመጀመሪያው ቃል አፍስሶታል።

ይህ ማለት ግን አማርኛ ለመድረክ አይመችም ማለት አይደለም። ስሙን እስከ መጨረሻ የሚያቆይ ቋንቋ ለጸሐፌ ተውኔት ታላቅ ሀብት ነው። “ከነገርኩት፣ ካመንኩት፣ ካጎረስኩት” እያለ የሚሄድ ተዋናይ “ሰው” ወይም “ወንድም” ወይም “ልጅ” እስኪል ድረስ አዳራሹ ትንፋሹን ይይዛል። ከበደ ሚካኤል ሮሜዎና ዡልዬትን፣ ጸጋዬ ገብረ መድኅን ኦቴሎን፣ ማክቤዝንና ሐምሌትን ወደ አማርኛ ሲመልሱ በግጥም ማቅረባቸው ከዚህ አንጻር ትርጉም አለው። የግጥም ቤት ሐረጉ የት ላይ ማረፍ እንዳለበት ተርጓሚውን ያስገድደዋልና፣ የባዕዱን ሰልፍ ይዞ መሄድ አይቻልም። በስድ ንባብ የሚተረጉም ሰው እንዲህ ያለ ጠባቂ የለውም፤ ስለዚህ ጆሮውን ጠባቂ ማድረግ አለበት።

የሐረግ ክምር በመድረክ ላይ የሚያጠፋው ውበትን ነው፤ በኑሮ ውስጥ ግን ከዚያ የሚበልጥ ነገር ሊያጠፋ ይችላል። በክረምት የአዋሽ ውኃ በበቾ ሜዳ ላይ ሲሞላ፣ “ከወንዙ ሙላት የተነሣ በውኃ ሊጥለቀለቁ ከሚችሉ ቀበሌዎች የሚወጡ ነዋሪዎች የሚጠለሉበት ትምህርት ቤት በሩ ክፍት መሆኑ ይገለጻል” የሚል ማስታወቂያ ቢነገር፣ ሰዋስዋዊ ስሕተት ሊወጣለት አይችልም። ነገር ግን ሰሚው “ትምህርት ቤት” የሚለውን ቃል እስኪያገኝ ድረስ ሦስት ሐረጎችን ተሸክሞ መጓዝ አለበት። “ወንዙ ሊሞላ ነው። በዳር ያላችሁ ውጡ። ትምህርት ቤቱ ለመጠለያ ተከፍቷል” ቢባል ግን ሕፃንም ይሰማዋል። እንግሊዝኛው ዋናውን ስም አስቀድሞ ዝርዝሩን ስለሚያስከትል ረጅሙን ዐረፍተ ነገር ሊሸከም ይችል ይሆናል። አማርኛው ዝርዝሩን ስለሚያስቀድም ሸክሙን መከፋፈል ይፈልጋል። ለዚህም የራሱ መሣሪያ አለው፤ “ሄዶ”፣ “ገዝቶ”፣ “አርሶ” እያለ ድርጊትን በድርጊት የሚያያይዝበት ቦዝ አንቀጽ፣ እንዲሁም ተጨማሪ ማብራሪያን ለብቻ የሚያቀርብበት “ይህም” አለው። እንግሊዝኛ በነጠላ ሰረዝ ለይቶ የሚያስገባውን፣ ስሙን ለመለየት ሳይሆን ስለ ስሙ ለመጨመር የሚመጣውን ሐረግ፣ በ“ይህም” ወይም በ“እርሱም” በሚጀምር አዲስ ዐረፍተ ነገር መተርጎም ከስሙ ፊት ከመቆለል የተሻለ ነው።

የፍርድ አደባባይ ደግሞ ከሁሉ የጠነከረ ምስክር ነው። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግና የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ መጀመሪያ በፈረንሳይኛ ተረቅቀው ወደ አማርኛ የተመለሱ ናቸው፤ የመጀመሪያውን ዣን ግራቨን፣ ሁለተኛውን ሬኔ ዳቪድ አርቅቀውታል። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 106 የመጨረሻውን ሕጋዊ ዕውቅና የሚሰጠው ለአማርኛው ቅጂ ነው። እንግዲህ ዳኛው የሚፈርደው በአማርኛው ቃል እንጂ ተርጓሚው ባሰበው የባዕድ ቃል አይደለም። “የተፈረደለት ሰው”ና “የተፈረደበት ሰው” መካከል ያለው ርቀት አንድ ፊደል ነው፤ በዚያ ፊደል ግን ቤት፣ መሬትና ነጻነት ይንጠለጠላሉ። “ከተጂ የመጣው መምህር ልጅ” ወራሽ ነው ቢባልና “ከተጂ የመጣው የመምህሩ ልጅ” ወራሽ ነው ቢባል፣ በአንድ “የ” መኖርና አለመኖር ውርሱ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ቤት ሊሄድ ይችላል።

በዚህ ሐሳብ ላይ ሊነሣ የሚችል ተቃውሞ አለ። ቋንቋ በመዋዋስ ያድጋል፣ የእንግሊዝኛው አሰላለፍም ቢሆን በጊዜ ብዛት ሊለመድ ይችላል ይባል ይሆናል። ቃል መዋዋስ የሚያስነቅፍ አለመሆኑ እርግጥ ነው። ባቡር፣ መኪና፣ ቴአትር ገብተው አማርኛ ሆነዋል። የሐረግ አሰላለፍ ግን እንደ ቃል በቀላሉ አይገባም። ለዚህ ከግእዝ የበለጠ ማስረጃ አይገኝም። ግእዝ ለብዙ መቶ ዓመታት የጽሕፈት፣ የቅዳሴና የትምህርት ቋንቋ ሆኖ ከአማርኛ ጎን ቆሟል። በዚያ ሁሉ ዘመን አማርኛ “ንጉሠ ነገሥት”ንና “ቤተ ክርስቲያን”ን እንዳሉ ተቀበለ፤ “ሰው የመጣው” ብሎ መናገርን ግን የዘወትር ሕጉ አላደረገም። የቅኔው ባለቤት የሆነው ግእዝ ያላደረገውን፣ በጥድፊያ የሚሠራ የቢሮ ትርጉም ያደርገዋል ተብሎ አይታሰብም። የሚሆነው ሌላ ነው። የሚናገረው ሕዝብ በአንድ አማርኛ፣ የሚጽፈው ክፍል በሌላ አማርኛ ይቀራል፤ በመካከላቸውም መተማመን ይጠፋል።

ስለዚህ የሒስ ሚዛን ከቃል ወደ ሐረግ ዝቅ ብሎ መመርመርን ሊለምድ ይገባዋል። አርታዒ በትርጉም ሥራ ላይ “በእርሱም ውስጥ”፣ “በየትኛውም”፣ “አማካይነት የሆነበት” የሚሉትን ሲያገኝ፣ በዚያ ቦታ አንድ “በት” ወይም አንድ “ለት” ሥራውን ይሠራ እንደሆነ ይጠይቅ። ተርጓሚ ከስም ፊት ሁለት ሐረግ ካስቀመጠ በኋላ ሦስተኛውን ከመጨመሩ በፊት ዐረፍተ ነገሩን ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብብ፤ ትንፋሹ ካለቀበት የተመልካቹም ማለቁን ይወቅ። መምህር የልጁን የቤት ቋንቋ እንደ እንቅፋት ሳይሆን እንደ መሸጋገሪያ ይቁጠረው። እንግሊዝኛ የሚኖርበትን ቤት በሩቅ አሳይቶ ከዚያ በኋላ ወደ ውስጥ ያስገባል፣ አማርኛ ደግሞ በጓዳ በር አስገብቶ ከመጨረሻው ላይ ቤቱን ያሳያል። የተርጓሚው ሙያ የአንዱን በር ነቅሎ በሌላው ግድግዳ ላይ መግጠም ሳይሆን፣ እንግዳው ቤቱን የሚያይበትን መንገድ በየቋንቋው ልማድ መምረጥ ነው።